ባለቤት የሌለው መልእክት

እኔ ሰነፍ ሰው ነኝ። ይህን የምለው "ኧረ አንተስ ታታሪ ነህ" እንድባል ፈልጌ አይደለም፤ እናቴም፣ ሚስቴም፣ የሥራ ኃላፊዬም እርስ በርስ ሳይመካከሩ የደረሱበት እውነት ነው። ከስንፍናዬ ሁሉ የከፋው ደግሞ የስልክ ስንፍናዬ ነው። ስልክ ሲጠራ መጀመሪያ ዝም እለዋለሁ። ሁለተኛ ሲጠራ የሌላ ሰው ነው እላለሁ። ሦስተኛ ሲጠራ እንደምንም አነሳለሁ። እናም ከመደወልና ከማንሳት ልገላገል ብዬ አንድ ነገር ፈጠርኩ፤ በፈጠርኩት ነገር ደግሞ ሰቆጣ ውስጥ ማንም ክፉ የማይመኝላቸውን አንድ ሽማግሌ አሳዝኜ ቁጭ አልኩ።

የምሠራው ከእንስሳት ጤና ጋር የተያያዘ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። የሥራ መደቤ የአይሲቲ ባለሙያ ይባላል። ደብዳቤ ላይ ሲያዩት ደስ ይላል። በተግባር ግን ማተሚያው ወረቀት ሲቀረቅር የሚጠራ፣ መብራት ሲጠፋ "ምነው፣ ምን ነካክተህ ነው?" የሚባል ሰው ማለት ነው። አንድ ቀን ከበላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። በየሠራተኛው አካውንት ሰርገው የሚገቡ ሌቦች በዝተዋልና፣ አጠራጣሪ የመግባት ሙከራ በታየ ቁጥር ባለሙያው ወዲያውኑ አጣርቶ እርምጃ ይውሰድ ይላል። ባለሙያው እኔ ነኝ። ሌላ የለም።

መጀመሪያ ሰሞን እንደታዘዝኩት አደረግሁ። አንድ ሰው ፓስወርዱን ሦስት ጊዜ ሲሳሳት እደውላለሁ፣ "አንተ ነህ ወይስ ሌባ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ሲወራ ቀላል ይመስላል። አበርገሌ የምትሠራ ለታይ የምትባል የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለችን። ለታይ ኔትወርክ የምታገኘው አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ብቻ ነው፤ ከወጣች ደግሞ የወጣችበትን ያህል ሳታወራ አትወርድም።

"እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ሚስትህስ? እናትህስ፣ ጉልበታቸውን ተሻላቸው?"

"ደህና ናቸው። አንቺስ? ሙቀቱስ? ፍየሎቹስ?"

"ሙቀቱ ጨረሰን። ፍየሎቹ ደህና ናቸው። እናንተ ዘንድ ዝናቡ እንዴት ነው?"

"ጣል ጣል አድርጎ ነበር። ስሚማ ለታይ፣ ዛሬ ጠዋት አካውንትሽ ውስጥ አንቺ ነሽ..."

ተቋረጠ። እንደገና ደወልኩ። እንደገና ሲገናኝ እንደገና ሰላምታ ነው፤ ስልክ ተቋረጠ ተብሎ ሰላምታ አይዘለልም። በዚያን ቀን የለታይን ፍየሎች ጤንነት አራት ጊዜ አረጋገጥኩ፣ ሌባው ለታይ ትሁን ሌላ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያን ጊዜ ነው በቃኝ ያልኩት። ሰው መደወሉን ይተውና ማሽን ይጠይቅ አልኩ።

ነገሩን እንዲህ አቀናጀሁት። ሰው ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ማሽኑ ራሱ ለአካውንቱ ባለቤት በስልኩ የጽሑፍ መልእክት ይልካል። ባለቤቱ "የሞከርኩት እኔው ነኝ" ለማለት 1 ይልካል፣ አካውንቱ ይከፈታል። "እኔ አይደለሁም፣ ሌባ ነው" ለማለት 2 ይልካል፣ አካውንቱ ወዲያው ይዘጋና ሌባው ታገደ የሚል ሁለተኛ መልእክት ይሄድለታል። እኔ እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ሥራው ሲያልቅ ለራሴ አጨበጨብኩ፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ ሰውም ቢኖር አጨበጭብ ነበር።

የቀረኝ መልእክቱን መጻፍ ብቻ ነበር። ጥፋቱ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና ልብ በሉልኝ። በእኛ ፊደል የሚጻፍ የስልክ መልእክት ሰባ ሆሄ ላይ ያበቃል። ክፍት ቦታውም፣ አራት ነጥቡም ይቆጠራል። ከሰባ ካለፈ ለሁለት ይቆረጥና አንዳንዴ ጅራቱ ከራሱ ቀድሞ ይደርሳል። እኔም አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ጻፍኩ፤ "ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ወደ አካውንትዎ ለመግባት 3 ጊዜ ሞክረዋል። ትክክል ከሆነ 1 ስህተት ከሆነ 2 ይላኩልን።" ሰባ አንድ ሆነ! በአንዲት ሆሄ!

አንድ ነገር መውጣት አለበት። "ጤና ይስጥልኝ"ን ላውጣ? ሰቆጣ ውስጥ ሰላም ሳይል ነገር የሚጀምር ማሽን ማን ያስጠጋዋል? ደግሞስ ማሽኑ የእኔ ነው፤ "አሳዳጊ የበደለው" ቢሉት የሚሰደበው እኔ ነኝ። ስለዚህ "እርስዎ" የምትለዋን ቃል አወጣኋት። "ሞክረዋል" ካልኩ አንቱታው እዚያው አለ፣ ማን እንደሆነ ይታወቃል ብዬ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ብጥላት ኖሮ በቂ ነበር። አንዲት አራት ነጥብ! ሁለተኛው መልእክት አጭር ስለሆነ አላስቸገረኝም፤ "ጤና ይስጥልኝ። ታግደዋል። ጉዳዩ እየተጣራ ነው።" ታግደዋል ያልኩት ሌቦቹን ነው። ለእኔ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር።

አሁን ከጋሽ ኪሮስ ጋር ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ኪሮስ የመዝገብ ቤታችን ሠራተኛ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሁሉ በእጃቸው አልፏል። የአፍ መፍቻቸው ኽምጣኛ ነው፤ አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ነውና እንደ እኛ እንዳገኙ አያባክኑትም። ቀይ እስክሪብቶ አላቸው። ማንም የጻፈውን ደብዳቤ፣ ኃላፊው የጻፉትንም ጭምር፣ ቁጥር ከመስጠታቸው በፊት ያነቡታል፣ ያርሙታል፣ ካልጣማቸው ይመልሱታል። "የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ የታለ?" ይላሉ። "ይከናወናል ይላል። ማን ነው የሚያከናውነው? ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር መዝገብ ቤቴ አይገባም።"

የእኔና የጋሽ ኪሮስ ክፍል በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያየው። ሲያስሉ እሰማቸዋለሁ። ያን ሰሞን ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ቀርቷቸው ነበር፤ ሻይ ስንጠጣ ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ልጄ፣ እኔ ስንብት ምናምን አልፈልግም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት አንድ ወረቀት ጠፋ ተብሎ ስሜ አልተነሳም። ቁልፉን በእጄ አስረክቤ፣ በስሜ ልውጣ። ሌላ ምኞት የለኝም።" ለዚህ ነው ያደረግሁት ነገር የከበደኝ።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑን ከመክፈቴ በፊት ሠራተኛው ሁሉ ፓስወርዱን እንዲቀይር አዘዝኩ። ፊደልም፣ ቁጥርም፣ ምልክትም ያለበት ይሁን አልኩ። ጋሽ ኪሮስ ዘንድ ራሴ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

"ፊደል አስገባሁ፤ ቁጥርም አስገባሁ፤ እምቢ አለኝ" አሉ።

"ምልክት አላደረጉማ፣ ጋሼ።"

"የምን ምልክት?"

"ደስ ያለዎትን።"

መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ በስመ አብ ብለው አማተቡ፣ የማስገቢያ ቁልፏንም ተጫኑ። እምቢ አለ። "ይኸው አድርጌያለሁ" አሉኝ በቅሬታ። ከዚያ ኮከብ የምትመስለዋን ምልክት አሳየኋቸውና ተቀበለ። እኔም ወደ ክፍሌ ተመልሼ ማሽኑን ለቀቅሁት።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ኪሮስ ሊገቡ ሲሞክሩ ኮከቧን ረሷት። ሦስት ጊዜ ረሷት። ስልካቸው ጮኸ። የተፈጠረውን በኋላ ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት። "ሦስት ጊዜ ሞክረዋል" የሚለውን አነበቡ። እነማን? ሰው ራሱን አንቱ አይል፤ ሞክረዋል የተባሉት ሌሎች ናቸው። አማርኛችን እንደሆነ ለአንቱና ለእነሱ ያለችው አንዲት ጋቢ ናት፣ ተራ በተራ ይለብሷታል። ቀጥለው "ትክክል ከሆነ 1 ስህተት ከሆነ 2" የሚለውን አነበቡ። ጋሽ ኪሮስ መነጽራቸውን አውልቀው አሰቡ። ሰዎች ተደብቀው በሰው አካውንት ሊገቡ ሞክረዋል፤ ይህ ትክክል ነው ወይስ ስህተት? ይህ ምን ጥያቄ አለው? ስህተት ነው እንጂ! ሰው እያወቀ ትክክል ነው ሊል ነው? 2 ላኩ። ማሽኑ ትንፋሽ ሳይወስድ መለሰላቸው።

"ጤና ይስጥልኝ። ታግደዋል። ጉዳዩ እየተጣራ ነው።"

እኔ ለባለቤቱ የጻፍኩትን ስለ ሌቦች ነው ብለው አነበቡት፣ ስለ ሌቦች የጻፍኩትን ደግሞ ለባለቤቱ ነው ብለው አነበቡት። በእሳቸው ዘንድ ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየ። የበላይ ሰው አንድ ጥፋት ሊያሠራቸው ፈልጎ ጠየቃቸው፤ ስህተት ነው ብለው መለሱ፤ እውነት በመናገራቸው ከሥራ ታገዱ። መዝገባቸውን ዘጉ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ወጡ። በግድግዳው በኩል በሩ ሲዘጋ ሰምቻለሁ። ሽንት ቤት ሄዱ ብዬ ነው ያሰብኩት።

የሚገርመው ጋሽ ኪሮስ ብቻ አልነበሩም። አዲስ ፓስወርድ ስለነበር ሠራተኛው ሁሉ ተሳስቷል፤ ሰው ሁሉ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ያንኑ ጥያቄ ደርሶታል። በመሥሪያ ቤታችን ሐቀኛ የሆነው ሁሉ ስህተት ነው ብሎ 2 ላከ፣ ታገደ። ሰላምታ አክባሪው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ ደህና ናችሁ?" ብሎ ላከ፤ ማሽኑ ይህን መልስ ስለማያውቀው ዘጋበት። ለታይ ብቻ ድንጋይዋ ላይ ሆና ሳታነብ 1 ላከችና ሥራዋን ቀጠለች።

የታገደ ሰው ደግሞ ታገድኩ ብሎ አይናገርም፣ ያፍራል። ሁሉም በየልቡ የታገድኩት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያምናል። ማክሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤታችን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሰው ሁሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ገብቷል። ባለጉዳይ "ይግቡ፣ ይቀመጡ" ይባላል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ካየኋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችልኝ። ኃላፊያችን አቶ ምስጋናው መሳቢያቸውን እያራገፉ የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ በካርቶን ሲከቱ አየኋቸውና "ጽዳት ነው?" አልኳቸው። "አዎ፣ ጽዳት ነው" አሉኝ ወዛቸው ጠፍቶ። የእኔ ስልክ ደግሞ ጭጭ አለ። ማንም አልደወለም! እንዴት ያለ ማሽን ሠራሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት የሐጂ እንድሪስ ሱቅ አለ። ሐጂ እንድሪስና ጋሽ ኪሮስ የልጅነት ጓደኞች ናቸው፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ነው የሚያስለው። ሱቁ በር ላይ ሻይ አዝዤ ቁጭ አልኩ። ሐጂ ዘወር ብለው አላዩኝም።

"ሐጂ፣ ሻይ ብዬ ነበር።"

"የለም።"

"ምነው፣ ማንቆርቆሪያው ይፈላል እኮ።"

"ላንተ የለም። ወላሂ ላንተ የለም! የስልክና የኮምፒውተር ጣጣ ሁሉ ያንተ አይደል? ጋሽ ኪሮስን ያሳገድክ ሰው፣ ከእኔ ሻይ አትጠጣም።"

"ጋሽ ኪሮስ ታገዱ? ማን ነው ያገዳቸው?"

ሐጂ ከባንኮኒው ሥር አንድ ወረቀት አወጡ። ጋሽ ኪሮስ መልእክቱን ከስልካቸው ላይ በእጃቸው ገልብጠው፣ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ለጓደኛቸው ሰጥተው ነው የሄዱት። ሐጂ ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ታግደዋል።

"ኧረ ሐጂ! የታገዱት እነሱ ናቸው!"

"እነማን?"

"ሊገቡ የሞከሩት ናቸው!"

"ሊገባ የሞከረው ማን ነው?"

"ጋሽ ኪሮስ" አልኩ።

"እንግዲያው ታግደዋላ!" አሉ ሐጂ፣ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ በመዳፋቸው መትተው።

ሮጬ ተመለስኩ። መዝገብ ቤቱ ተቆልፏል። ጠረጴዛዬ ላይ ጋሽ ኪሮስ በሰው የላኩት፣ ጠዋት ያልነበረ ፖስታ አለ፤ ውስጡ ሁለት ቁልፍና አንድ ወረቀት። "ርክክብ" ይላል በዚያ በምናውቀው ቀጥ ያለ ጽሑፍ። አንድ ክብ ማኅተም። አንድ የማኅተም ቀለም፣ ግማሽ የደረሰ። ሁለት ቁልፍ። አንድ ወንበር፣ አንደኛው እግሩ በካርቶን የተደገፈ። አንድ ቀይ እስክሪብቶ፣ የግል ንብረት ስለሆነ ከእኔ ጋር ሄዷል። በሩን ከፍቼ ገባሁ። የገቢ ደብዳቤ መዝገቡ ላይ የመጨረሻው መስመር የእኔ መልእክት ነበር። ቁጥር ሰጥተውታል፣ ቀን ጽፈውለታል። ፍሬ ነገር በሚለው ሥር "እግድ" ብለዋል። ላኪ በሚለው ሥር "ባለቤት የለውም" ብለዋል። ቆሜ ሳነበው አለቀስኩ ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ሳቁ፣ አልቅሻለሁ።

ለአቶ ምስጋናው ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ከወንበራቸው ተነስተው አቀፉኝ። "አልታገድኩም ነው የምትለኝ?" አሉ። የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ አንድ በአንድ ከካርቶን አውጥተው መልሰው ደረደሩና ያን ጊዜ ነው ቁጣው ትዝ ያላቸው። የቁጣውን ቃል እዚህ አልጽፈውም። ብቻ "ተነስ፣ አሁኑኑ እንሂድ" አሉ።

የጋሽ ኪሮስ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሰቆጣ ዙሪያ፣ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ሐጂ እንድሪስ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ስኳር ይዘው አብረውን መጡ። መንገዱን ሙሉ ከእኔ ጋር አልተነጋገሩም፤ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ግን ቆም ብለው ጠበቁኝ። እኔ በሆዴ የማዘጋጀው ንግግር ነበረኝ። ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ደኅንነት፣ ስለ ሰባ ሆሄ። ደጃፋቸው ስንደርስ ግን ሁሉም ጠፋኝ። ጎረቤት በሙሉ አጥሩ ሥር ተደርድሮ ተቀምጧል፤ ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው። አንዲት ሴትዮ "በስተርጅናቸው!" እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ጋሽ ኪሮስ ኮታቸውን እንደለበሱ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ቀይ እስክሪብቶው ኪሳቸው ላይ አለ። ተነስተው ተቀበሉን።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ። ከዚያ ወደ አቶ ምስጋናው ዞር ብለው፣ "የእግዱን ደብዳቤ ይዘው ነው የመጡት? ያ ስልኩ ላይ ያለው ቁጥርም ቀንም የለውም። በወግ ይጻፍልኝ" አሉ።

"ኧረ ጋሼ፣ ምን እግድ አለ! እኔ ራሴ ታግጄ ነበር!"

"እርስዎም?"

"እኔም።"

"ምን ብለው መልሰው?"

"ስህተት ነው ብዬ ነዋ።"

ጋሽ ኪሮስ ኃላፊያቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። "እንዲህ ያሉ ሰው መሆንዎን አላውቅም ነበር" አሉ፣ ከልባቸው። አቶ ምስጋናው ተርበተበቱ። በኋላ ስንመለስ በጆሮዬ እንደነገሩኝ ከሆነ 1 ሊሉ ፈልገው ጣታቸው ስቶ ነው።

ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። ተነስቼ ቆምኩ። "ጋሼ፣ መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላገደዎትም። ማሽን ነው የላከው፣ ማሽኑን ያዘዝኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ጋሽ ኪሮስ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩኝ።

"ለምን?"

"ሌባ እንዳይገባ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው መደወል ሰለቸኝና..."

"ከአንተ ክፍል እኔ ክፍል ስልክ ያስፈልጋል?"

"አያስፈልግም።"

"ግድግዳውን ኳ ብታደርገው አልሰማህም ነበር?"

"ይሰሙኝ ነበር፣ ጋሼ።"

"አንተ ስታስነጥስ ይማርህ የምልህ በዚያ ግድግዳ ነው።"

አንገቴን ደፋሁ። እውነታቸውን ነው፤ ሁልጊዜ ይማርህ ይሉኛል። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ያኑርዎት ብዬ እንደሆነ እንጃ።

ጋሽ ኪሮስ ቀይ እስክሪብቶውን ከኪሳቸው አወጡ። ሐጂ ያቺን የተገለበጠች ወረቀት አቀበሏቸው። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው "ሞክረዋል" በሚለው ሥር አሰመሩ፣ "ታግደዋል" በሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አሰመሩ። ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ። መሥሪያ ቤቱ ሠላሳ ዓመት የሚያውቀው የመዝገብ ቤት ድምፅ!

"ባለቤቱስ? ባለቤት የታለ?"

"አቤት! እዚሁ ነኝ!" አሉ ባለቤታቸው እትዬ ዝማም፣ ከጓዳ ብቅ ብለው። "ማን ነው የፈለገኝ?"

ሐጂ እንድሪስ ስኳራቸውን ጥለው ሳቁ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ ያቺ በስተርጅናቸው ባይዋ ሴትዮ ሳይቀሩ። ጋሽ ኪሮስ ብቻ ሳቃቸውን ወደ ጉሮሯቸው መለሱት። ለእትዬ ዝማም በኽምጣኛ አንድ ነገር አሏቸው፣ እሳቸውም መልሰው አንድ ነገር አሏቸው፤ የእሳቸው ረዘም ያለ ነበር። ከዚያ ጋሽ ኪሮስ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንተን ተቀይሜ አልኖርም። ስሜ ግን የወጣው በስልክ ነው። ሰው አንብቦታል። እዚህ መጥተህ በአፍህ መለስኩት ብትለኝ አልተመለሰም። በወጣበት መንገድ ይመለስ፤ ባለቤት ያለው ሆኖ ይመለስ። እኔ ደግሞ ያን ስልክ በእጄ ላልነካ ምያለሁ።" ስልኩ ሳጥን ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ያቀረቡልንን ሳንበላ አልለቀቁንም። እትዬ ዝማም ማር ቀድተው "ብላ፣ ጠውልገሃል" ሲሉኝ የባሰ አፈርኩ።

መሥሪያ ቤት ስንመለስ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ማሽኑን አስቁሜ፣ ለሠራተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲደርስ አድርጌ ጻፍኩ፤ "ጤና ይስጥልኝ። ጋሽ ኪሮስ አልታገዱም። ያጠፋሁት እኔ የአይሲቲ ባለሙያው ነኝ። ይቅርታ።" ቆጠርኩት። አምሳ አምስት ሆሄ። ስማቸውም፣ እኔም፣ ይቅርታም ገብቶ አሥራ አምስት ቦታ ተረፈ። ላክሁት። በየክፍሉ ስልክ ሲጮህ ይሰማኛል፤ ቀጥሎ በየክፍሉ "እፎይ" ይሰማኛል። አንድ በአንድ በር እየከፈቱ ወጡ። "አንቺም?" "አንተም?" ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ። ከደቂቃዎች በኋላ የሒሳብ ሠራተኛዋ ፈገግታዋን መልሳ ሰበሰበችና ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ።

የእኔ ዓይን ግን ስልኩ ላይ ነበር። ከጋሽ ኪሮስ ቁጥር መልስ የለም። ሄድኩ፣ መዝገብ ቤቱን ጠረግሁ፣ የወንበሩን እግር ካርቶኑን አውጥቼ በእንጨት አስተካከልኩ። መልስ የለም። ቀኑ ሊያልቅ ነው፣ በስማቸው ሳይወጡ ሊቀሩ ነው እያልኩ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። ከእሳቸው ቁጥር ነው።

"እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ ደህና ናችሁ።"

ጋሽ ኪሮስ ስልክ አልነካም ብለው የማሉት ትዝ አለኝ። የጥያቄ ምልክቷም የለችም፤ ጋሽ ኪሮስ የጥያቄ ምልክት አይረሱም። የጻፉት እትዬ ዝማም ናቸው። በጎልማሳነታቸው ፊደል ያስቆጠሯቸው ራሳቸው ጋሽ ኪሮስ መሆናቸውን ሰምቻለሁ፤ በስልክ ሲጽፉ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ማሽኑ ቆሞ ነበርና እኔው በእጄ መለስኩላቸው። "ደህና ነን እትዬ ዝማም። ጋሽ ኪሮስ ምን አሉ?" ብዬ ላክሁ። እትዬ ዝማም ጎንበስ ብለው ፊደል ሲፈልጉ፣ ጋሽ ኪሮስ ከመደቡ ላይ ሆነው፣ እጃቸውን አጣምረው ሲያስጽፏቸው ታየኝ።

መልሱ መጣ።

"አቶ ኪሮስ ይቅር ብለዋል። አቶ ኪሮስ ነገ ሥራ ይገባሉ። ላኪ፦ ባለቤታቸው።"

ይገባሉ! የሚገቡት ማን እንደሆኑ አንድም አያሻማም። ተነስቼ ግድግዳውን ኳ ኳ አደረግሁት፤ ከወዲያ በኩል ማንም እንደሌለ እያወቅሁ። ከዚያ ወደ መዝገብ ቤቱ ገባሁና የገቢ ደብዳቤ መዝገቡን ገለጥኩ። ከዚያ ክፉ መስመር ቀጥሎ ቁጥር ሰጠሁ፣ ቀን ጻፍኩ። ፍሬ ነገር በሚለው ሥር "ይቅርታ" አልኩ። ላኪ በሚለው ሥር፣ በተቻለኝ መጠን ቀጥ አድርጌ፣ "ባለቤት" ብዬ ጻፍኩ።